መልሳቸው የማይነገር የአቶ በድሩ እንቆቅልሾች

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነበር ሚኤሶን ለአቶ በድሩ የሰጠኋቸው።

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ ነበር። በስታቲስቲክስ ተመርቄ የተመደብኩት አሰበ ተፈሪ ሲሆን ከተማዋን ከዚያ በፊት የማውቃት በካርታ ላይ ብቻ ነው። ከአስፋልቱ በላይ፣ ኮረብታው ወገብ ላይ ያለውን የስታቲስቲክስ ቅርንጫፍ ቢሮ ጠይቄ ጠይቄ አገኘሁና በሩን አንኳኳሁ። ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሁለቱ ወጣቶች ታደሰና ጀማል የሚባሉ፣ ቤት ለቤት እየዞሩ መረጃ የሚሰበስቡ ቆጣሪዎች ናቸው። ሦስተኛው ነጭ ኮፍያ ያደረጉ፣ ሆዳቸው ገፋ ያለ፣ ጺማቸው መሸበት የጀመረ ሰው ነበሩ፤ የቢሮው ኃላፊ። የምደባ ደብዳቤዬን ለመስጠት እጄን ዘረጋሁ።

«እሱ ይደርሳል፤ መጀመሪያ በሩን ዝጊ» አሉኝ። ዘጋሁ። «ምስጢር ለመጠበቅ ቃል ገብተሻል?»

«አዎ፣ አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት ፈርሜያለሁ።»

«እንግዲያው እንቆቅልሽ!»

አማርኛ የሚናገር ሰው ይህን ሲሰማ አፉ ብቻውን ነው የሚመልሰው። «ምን አውቅልዎት» አልኩ፣ ድምፄ ለራሴም በቅጡ ሳይሰማኝ።

«ሚስቶቹ ሁለት፣ ልጆቹ ዘጠኝ። መሬቱ ደጋ ነው፤ ማሽላ ይዘራል፣ ጫት ይተክላል። ግን ግመል አለው። ማን ነው?»

እንኳን የአገሬውን ሰው፣ ያደርኩበትን ሆቴል ባለቤት እንኳ አላውቅም።

«አላወቅሽም? አገር ስጪኝ!»

ከአካባቢው ከተሞች በዓይኔ ያየሁት ከአውቶቡስ መስኮት ሚኤሶን ብቻ ነበር። «ሚኤሶን» አልኩ።

«ሚኤሶ ገብቼ ምን አጥቼ!» ብለው ወንበራቸውን ወደ ኋላ ለጠጥ አደረጉ። «የግመል ወተት ጠጥቼ፣ በባቡሩ ጥላ ጋደም ብዬ፣ የመኪና ሹፌሮችን ወሬ ጠግቤ… የስድቡን ክፍል ለእንግዳ አልለውም።»

ይሄኔ ጀማል እጁን አወጣ። «እኔ አውቀዋለሁ፤ ይሄማ የእነ…»

«ስም እንዳትጠራ! አወቅከው ወይስ መሰለህ?»

«ወላሂ አወቅኩት። በዚያ በኩል ደጋ ላይ ሆኖ ግመል ያለው አንድ ሰው ነው።»

አቶ በድሩ ፊት ለፊታቸው የነበረውን ወረቀት አጥፈው መሳቢያቸው ውስጥ ከተው ቆለፉበት። «በቃ፣ ይህ ወረቀት እንደዚህ ሆኖ ከዚህ ቤት አይወጣም» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «እንኳን ደህና መጣሽ። ሥራችን ይሄ ነው።»

አሁን አቶ በድሩ ጡረታ ወጥተው ሂርና ወደሚገኘው የአባታቸው የቡና መሬት ከገቡ ሰንብተዋል። እኔ ጭሮ፣ በያኔ ስሟ አሰበ ተፈሪ፣ ውስጥ አምስት ሰው ባገኝ አራቱ የሚጠይቁኝ ስለ እሳቸው ነው፤ «በድሩስ ደህና ናቸው?» ይሉኛል። ደህና ናቸው እላለሁ። ሌላ ነገር ስለ እሳቸው ስጠየቅ ግን ቶሎ መልስ አላገኝም፤ ለዚህ ነው ቁጭ ብዬ መጻፍ የመረጥኩት።

ሰውየው ድምፃቸው ትልቅ ነው። ሲስቁ ከታች አስፋልቱ ዳር ያሉ ጫት ሻጮች ቀና ብለው ያያሉ። ጠዋት ጠዋት ባለቤታቸው ወይዘሮ ረሂማ የምታዘጋጅላቸውን ሆጃ፣ ያንን በወተት የሚፈላውን የቡና ገለባ፣ በፔርሙስ ይዘው ይመጣሉ፤ ለሁላችንም ካልቀዱ እሳቸው አይጠጡም። አማርኛቸው መሀል ኦሮምኛው ሳይጠራ ዘው ይላል። ሥራ ስንጀምር «ኢጆሌ፣ በሉ እንግዲህ» ይሉናል፤ ልጆች ማለታቸው ነው፤ ታደሰ የሦስት ልጆች አባት ቢሆንም እሱንም ይጨምራሉ።

ይህ ሁሉ ጫጫታቸው ታዲያ ገበያ ሲገቡ ይጠፋል። ለጥናት ቤቱ የገቡበትን ሰው መንገድ ላይ ቀድመው ሰላም አይሉም። ሰውየው ራሱ ሰላም ካላቸው እጁን ጨብጠው ስለ ዝናብ ያወራሉ፤ ካላላቸው እንደማያውቁት ያልፋሉ። መጀመሪያ ኩራት መስሎኝ ነበር።

«ሰላም ካልኩት» አሉኝ አንድ ቀን፣ «አጠገቡ ያለው ሰው ‹ይህን የመንግሥት ሰው ከየት ታውቀዋለህ?› ይለዋል። ያኔ ወይ ይዋሻል፣ ወይ ይናገራል። በእኔ ሰላምታ የተነሳ ለምን ይዋሽ?»

በዚህ ልማዳቸው ቤታቸው ውስጥ ጠብ ተነስቶ ያውቃል። ወይዘሮ ረሂማ ቢሮ ድረስ መጥታ እኔን ዳኛ አደረገችኝ።

«ሶስና፣ አንቺ ተምረሻል፤ ፍረጂኝ! ይሄ ሰውዬ ወንድሜን ገበያ ላይ ዘግቶት አለፈ። የገዛ ወንድሜን!»

«ሰላም ብሎኝ ቢሆን ሰላም እለው ነበር» አሉ አቶ በድሩ።

«ወንድሜ ናሙና ውስጥ ገብቷል ማለት ነው? እሱን ንገረኝና ልተውህ።»

«እሱን ልነግርሽ አልችልም።»

«አልገባም በለኛ!»

«እሱንም ልነግርሽ አልችልም።»

ወይዘሮ ረሂማ ሳቋ መጣባት፤ ፔርሙሱን አንስታ ባዶ መሆኑን አየችና «እኔንስ ታውቀኛለህ?» ብላቸው ወጣች። እኔ ሳልፈርድ ቀረሁ።

የእንቆቅልሹ ልማድ የመጣው ከበደሳ ከተማ ነው። አቶ በድሩ ገና ወጣት ቆጣሪ ሳሉ አንድ ቢሮ ግድግዳ ላይ የጥናት ውጤት ተለጥፎ ያያሉ። ስም አልነበረበትም። ግን ከመስመሮቹ አንዱ «ሸማኔ፣ አንድ እግር የሌለው» ይል ነበር። ወረቀቱን ከከበቡት ሰዎች መሀል ሸማኔው ራሱ በምርኩዙ ቆሟል። አንዱ ጮክ ብሎ ሲያነብ ሁሉም ዘወር ብለው አዩት፤ ከዚያ ከጎኑ የተጻፈውን፣ ስለ ትዳሩና ስለ ልጆቹ የተናገረውን፣ ማንበብ ቀጠሉ። «ስሙን ያልጻፈው ሰው ልብ ንጹሕ ነበር» ይሉ ነበር አቶ በድሩ፤ «ግን አገሩ ትንሽ መሆኑን ረሳ።»

ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ወረቀት ወደ ውጭ ከመሄዱ በፊት በሩ ይዘጋል፤ ቃል የገባን እኛ ብቻ እንሰበሰባለን። ጀማል የበደሳ ልጅ ነው፣ ታደሰ የአሰቦት፤ በሁለቱ መሀል በጭሮ ዙሪያ የማያውቁት ሰው ጥቂት ነው። አቶ በድሩ መስመሩን እንደ እንቆቅልሽ ያነባሉ። ካወቅን ወረቀቱ ወደ መሳቢያ ይመለሳል፣ እንደገና ይሠራል። ካላወቅን አገር እንሰጣቸዋለን፣ ወረቀቱም ይሄዳል። ከልጆች ጨዋታ የሚለየው አንድ ነገር ነው፤ ልጆች አገር ከተቀበሉ በኋላ መልሱን ይናገራሉ። አቶ በድሩ ግን አገሩን ይዘው፣ መልሱንም ይዘው ይቀመጣሉ። ገለምሶን፣ ሂርናን፣ አሰቦትን፣ በደሳን ስንት ጊዜ እንደሰጠናቸው አላስታውስም።

አሁን የማወራው ዝናቡ ቆላውን በከዳበት ዓመት የሆነውን ነው። በዚያ ዓመት ስለ እህል አያያዝ ጥናት እናካሂድ ነበር። በእኛ አካባቢ ገበሬ ማሽላውን በጎተራ ብቻ አያስቀምጥም፤ መሬት ቆፍሮ፣ ጉድጓዱን አዘጋጅቶ ይቀብረዋል። ደህና የተያዘ ጉድጓድ ክፉ ዓመት ያሻግራል። የት እንደሆነ የሚያውቀው ባለቤቱ ነው፤ ጉድጓድህ የት ነው ብሎ መጠየቅም ነውር ነው። እኛ የት ብለን አንጠይቅም፤ ስንት ነው፣ ምን ያህሉ በሰበሰ ብለን ነው የምንጠይቀው። እሱም ቢሆን ለአፍ ይከብዳል።

ጀማል ኦሮምኛውን እያስተረጎመልኝ ከገባሁባቸው ቤቶች አንዱ የአዴ ዘይነባ ነበር፤ አዴ በኦሮምኛ የሴት ማክበሪያ ነው። ስሟ ዘይነባ አይደለም፤ እዚህ ስለ እሷ የምጽፈው ቁጥርም ሆነ እንስሳ ትክክለኛው አይደለም። ይህ ጽሑፍ ሂርና ቢደርስ አቶ በድሩ መጀመሪያ የሚያዩት ይህንን ነው። ባሏ የሞተባት፣ ሴት ልጆች ብቻ ያሏት፣ ኮስተር ያለች ገበሬ ናት።

«አንቺ አታወሪም እንዴ?» አለችኝ። «ከገባሽ ጀምሮ የማወራው እኔ ብቻ ነኝ።»

«እኔ ጠያቂ ነኝ» አልኳት።

«ጠያቂም አትመስዪ። እንዲህ ያለ አፍ ደህና ነው። የምነግርሽን ለማን ትነግሪያለሽ?»

«ለማንም። ስምሽና ነገርሽ አብረው ከቢሮ አይወጡም።»

አየችኝ፣ ጀማልንም አየችው። ከዚያ «ሁለት ጉድጓድ እንዳለኝ ጎረቤት ያውቃል» አለች። «ያሉት አራት ናቸው። ሁለቱን የምናውቀው አላህ፣ እኔና ልጆቼ ነን። አሁን አንቺ።»

በዚያ ጊዜ ገበሬ ማኅበራት ለመንግሥት የሚያስገቡት የእህል ኮታ ነበረባቸው። ትርፍ አለው የተባለ ቤት ይጨመርበታል። የአዴ ዘይነባ ሁለት ድብቅ ጉድጓዶች ትርፍ አልነበሩም፤ ቀጣዩም ዓመት ዝናብ ቢከዳ ልጆቿ የሚበሉት ነው። አራት ብዬ ጻፍኩ።

ጥናቱ የመጀመሪያ ዙሩን እንደጨረሰ ዶክተር ገነት የምትባል የእርሻ ተመራማሪ መጣች። ጉድጓድ ውስጥ የሚበሰብሰው ማሽላ ለምን እንደሚበሰብስ፣ የትኛው አቆፋፈር እንደሚያድነው ታጠናለች። የየቤቱ መልስ ስም ሳይጨምር ተገልብጦ እንዲሰጣት ከዋናው መሥሪያ ቤት ፈቃድ ይዛለች። እንግዳ ማረፊያ ሰጥተናት ስንመለስ አቶ በድሩን ለብቻቸው አገኘኋቸውና ያሰብኩትን ተናገርኩ።

«ባንሰጥስ? ድምሩን ብቻ እንስጣት። መልሱ ቢቆለፍ ይሻላል።»

«ድምሩ የአንዱን ጉድጓድ ከሌላው አይለይላትም፤ የምትፈልገው እሱን ነው» አሉ። «ሶስና፣ ገበሬው ግማሽ ቀን ሥራውን ፈትቶ የነገረን ለመሳቢያችን ብሎ ነው? ቆልፎ መቀመጥማ ማንም ያውቅበታል። መሳቢያ ውስጥ የሚቀር መልስና ጉድጓድ ውስጥ የሚበሰብስ ማሽላ በምን ይለያል? ሁለቱም ሳይበሉ ቀሩ።»

«የሚጎዳ ሰው ቢኖርስ?»

«እንዳይኖር አድርገሽ ገልብጪዋ! ለዚህ አይደል ደሞዝ የሚከፍሉሽ?»

ስሞቹን እያስቀረሁ፣ የገበሬ ማኅበሩን፣ የቤተሰቡን ሁኔታ፣ ከብቱን፣ ጉድጓዱን ሁሉ በሰፋፊ ወረቀት ላይ ገለበጥኩ። ፈቃዱ የሚለው ስም አይጨመር ነው፤ አልጨመርኩም። ረቡዕ ረፋድ ላይ ጨርሼ ወረቀቱን እያስተካከልኩ ሳለ በሩ ተከፈተና ጓድ ፈለቀ ገባ። ለአውራጃው የኮታ ሥራ የተመደበ፣ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ ወጣት ነው፤ ትሑት ቢሆንም የያዘውን አይለቅም።

«ጋሽ በድሩ፣ የጉድጓድ ጥናት ሠርታችኋል አሉ። ቅጾቹን ላያቸው ነው የመጣሁት።»

«ቅጾቹን ማንም አያይም። ዋናውን መሥሪያ ቤት የሚመራው ሰው ራሱ ቢመጣ ስሙን ከነጉድጓዱ አላሳየውም።»

«ለዶክተሯ ልትሰጡ ነው አይደል? ለእሷ ሲሆን ተፈቅዶ ለእኛ ሲሆን ምስጢር ይሆናል?»

አቶ በድሩ ሆጃ ቀዱለት። «ለእሷ የምሰጠው ስም የለበትም። ለአንዱ የሰጠሁትን ለጠየቀኝ ሁሉ ልሰጥ ካልደፈርኩ ለአንዱም አልሰጥም። እርስዎም እሱን ያያሉ።»

«ስም ከሌለውማ ምን ይደበቃል? አሁኑኑ ልየዋ!»

«እንቆቅልህ!» አሉት በድንገት። «ጨዋታ እርስዎ አያውቅም፣ ይቅርታ።»

«ምን አውቅልህ» አለ ጓድ ፈለቀ፤ አፉ ቀድሞት።

«አገሩ ሌላ ነው። በስብሰባ ላይ ጫት የሥራ ጠላት ነው ይላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጂፑ ወደ ሂርና ትወጣለች፤ ስትመለስ ከኋላ ወንበሩ ሥር በኮባ የተጠቀለለ…»

«ይበቃል!» አለ ጓድ ፈለቀ በሩን እያየ።

«ስም ጠራሁ እንዴ?»

«አልጠሩም።»

«ከቅጽም አላነበብኩም። ከዚህ መስኮት ተቀምጬ ያየሁት ነው። ታዲያ ምን አስደነገጠዎት?»

ጓድ ፈለቀ ሆጃውን እስከ መጨረሻው ጠጣ። «ነገ ሦስት ሰዓት እመጣለሁ» አለ። «ያንን ስም የሌለውን አያለሁ።»

በሩ እንደተዘጋ አቶ በድሩ የገለበጥኩትን አነሱና ታደሰን ጠሩት። ታደሰ ወደ አዴ ዘይነባ ቤት ሄዶ አያውቅም።

«እንቆቅልህ! ሴት ናት። ባሏ ሞቷል። ሴት ልጆች እንጂ ወንድ የላትም። በቅሎ አላት።»

«የቱ ገበሬ ማኅበር?»

ነገሩት። ታደሰ ሳቀ። «በበቅሎ ገበያ የምትመጣዋ ሴትዮ! እሷን የማያውቅ አለ? በቅሎዋ እንኳ እኔን ታውቀኛለች።»

እኔ የማየው ታደሰን አልነበረም። በቅሎ ከሚለው ቀጥሎ፣ በራሴ ጥሩ የእጅ ጽሕፈት፣ አራት የሚል ተጽፏል። ጓድ ፈለቀም ገበያ ይወጣል፤ በቅሎዋን አይቷታል። ከቢሮ አይወጣም ያልኳት ነገር ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ሊነበብ ነው።

ማልቀስ ዳድቶኝ ነበር መሰለኝ፣ አቶ በድሩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለዚህ ነው ዛሬ ረቡዕ የሆነው» አሉ። «ሐሙስ ሳይደርስ እንድንሠራ። ዶክተሯን ጥሪልኝ።»

ዶክተር ገነት መጥታ ከጎናችን ተቀመጠች። አቶ በድሩ ዓምዶቹን አንድ በአንድ እያነሱ ጠየቋት።

«በቅሎዋ ለጥናትዎ ምን ታደርጋለች?»

«ምንም። እህሉ በጭነት መምጣት አለመምጣቱ ግን ይጠቅመኛል።»

«እንግዲያው በቅሎ፣ አህያና ግመል አንድ ላይ ገብተው የጭነት እንስሳ ይባሉ። የገበሬ ማኅበሩ ስምስ?»

«አፈሩና እርጥበቱ ነው የሚያስፈልገኝ። ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ ቢባል ይበቃኛል።»

«ባል የሞተባት፣ የፈታች፣ ያላገባች?»

«ቤቱን የምትመራው ሴት መሆኗ ይበቃል።»

«የጉድጓዱ ቁጥርስ?»

እዚህ ላይ ዶክተሯ ተከራከረች፤ ቁጥሩ የሥራዋ ልብ ነው። ብዙ ጉድጓድ ያለው ሰው አያያዙ ይለያል አለች። አቶ በድሩም ተከራከሩ። መጨረሻ ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስትና ከዚያ በላይ በሚል ተስማሙ። እኔ እንደገና ገለበጥኩ፤ ጀማል የቤተሰቦቹ ተራ የማንን ቤት ተከትሎ የማን ቤት እንደሚመጣ እንዳያሳብቅ መስመሮቹን እንደ ካርታ በወዛቸው። ዶክተሯ ማንንም ለይቼ ለማወቅ አልሞክርም፣ ብጠረጥር እንኳ አልናገርም ብላ ፈረመች። ጀንበር ስትጠልቅ አቶ በድሩ ኮፍያቸውን አስተካክለው ጀመሩ። የሴቶቹን መስመር ሁሉ አነበቡ። ጀማል አሰበ፣ ታደሰ አሰበ። አንዱን መስመር ታደሰ ለሦስት ሴቶች ሰጠው፤ ከሦስቱ አንዷ የገዛ አክስቱ ነበረች።

«አገር ስጡኝ!»

«አሰቦትን!» አለ ታደሰ ተናዶ። «ከነገዳሟ ውሰዷት።»

ሐሙስ ጠዋት ጓድ ፈለቀ በሰዓቱ መጣ። ወረቀቱን ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና በጣቱ እየተከተለ ያነብ ጀመር። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ሥራ የያዝኩ መሰልኩ። ብዙ ከቆየ በኋላ ጣቱ ቆመ።

«ይቺን አውቃታለሁ!» አለ። «ቤት የምትመራ ሴት፣ ወይና ደጋ፣ የጭነት እንስሳ ያላት። በበቅሎ የምትመጣዋ ናት!»

እስክሪብቶዬ ከእጄ ወደቀ። ለማንሳት ጎንበስ ባልኩበት ጠረጴዛ ሥር ትንሽ ቆየሁ፤ ፊቴ ሁሉን እንዳይናገር። ከላይ የአቶ በድሩን ድምፅ ሰማሁ፤ እንደ ወትሮው ነው።

«በቅሎ የሚል የት አዩ?»

«የጭነት እንስሳ ይላል።»

«አህያ ያላት ሴት አያውቁም?»

«አህያማ…» ጓድ ፈለቀ መቁጠር ጀመረ። «ያቺ ከወፍጮ ቤቱ በላይ ያለችው አላት። ያቺ ድንች የምታመጣዋ። የቄሱ እህት… እሷም ወይና ደጋ ናት?» ሌላ መስመር አየ። «ይቺም ልትሆን ትችላለች። ይቺኛዋም።»

ቀና ስል አቶ በድሩን አየኋቸው። ፊታቸው ላይ አዎም አይደለምም አልነበረም። ሆጃ ይቀዳሉ፤ አንዲት ጠብታ አላፈሰሱም።

«ከመሰለዎት ሄደው ሊይዟት ነው?» አሉት። «ሌላዋ ብትሆንስ? ባልነገረችን ነገር ልትጠየቅ ነው። ለኮታዎ የሚረዳዎ ይሄኛው ነው።» ሌላ ወረቀት ሰጡት፤ የደጋው፣ የወይና ደጋውና የቆላው የምርት ድምር ነው። «ቆላው ዘንድሮ ምን እንደገጠመው ያሳያል። ይህን ለአለቆችዎ ያሳዩ፤ እንዲያውም ያመሰግኑዎታል።»

ጓድ ፈለቀ ሁለተኛውን ወረቀት አይቶ አጠፈና ኪሱ ከተተ። የመጀመሪያው ላይ ግን ዓይኑ አልለቀቀም።

«በቃ፣ አቃተኝ» አለ። «ማናት?»

«አገር ስጠኝ።»

«ገለምሶን ውሰዱ!»

«ገለምሶ ገብቼ ምን አጥቼ! ቡናዬን ለቅሜ፣ በቅቤ ራሴን ተቀብቼ፣ ፈለቀን በአህያ ኋላ ኋላ አስነድቼ፣ ጂፑን ለዶሮ ማደሪያ ሰጥቼ!» ታደሰ ከወንበሩ ሊወድቅ ደረሰ። ጓድ ፈለቀም ሳቀ፤ ሲስቅ ዕድሜው ከእኔ እንደማይበልጥ ያኔ ነው ያየሁት።

«እሺ፣ መልሱን!»

«የዚህ ቤት እንቆቅልሽ መልስ አይነገርም።»

«እንዴ! ይሄማ ጨዋታ አይደለም። አገሬን መልሱልኝ!»

«አንዴ ገብቻለሁ፤ ቡናው ጥሩ ነው፣ አልወጣም» አሉት።

ጓድ ፈለቀ እየተነጫነጨ ወጣ። ዶክተር ገነትም ግልባጯን ይዛ በቀትሩ አውቶቡስ ሄደች። አቶ በድሩ መስኮቱ ጋ ቆመው ሁለቱንም ሸኙ። ጂፗ ወደ አውራጃው ጽሕፈት ቤት ስትታጠፍ ኮፍያቸውን አውልቀው ግንባራቸውን ጠረጉ። መሀረቡ ርሶ ነበር። እኔ ማየቴን ሲያውቁ «ሆጃው ትኩስ ነበር» አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት ከጀማል ጋር የሁለተኛውን ዙር ጥያቄ ይዘን አዴ ዘይነባ ደጃፍ ደረስን። ማሽላ ታበጥር ነበር።

«አካም ቡልቴ» አልኳት ቀድሜ፤ እንዴት አደርሽ ማለት ነው።

«ዛሬ አፍ አወጣሽ?» አለች ሰፌዱን አስቀምጣ። «ያልኩሽን ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

«ያ የኮታው ልጅ ትናንት እዚህ ማኅበር መጥቶ ነበር። ስለ ቆላው ድርቅ አውርቶ፣ ውሃ ጠጥቶ ሄደ። የማንንም ቤት አልጠየቀም። እኔን አጠገቤ ቆሞ ስለ በቅሎዬ ዕድሜ ጠየቀኝ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ሳቀ። ምን ሆኖ ነው?»

ጀማል ወደ ሌላ በኩል ዞረ። እኔ «እንጃ» አልኩ።

አዴ ዘይነባ ከዚያ ትልቋን ልጇን በሩ ላይ እንድትቆም አደረገቻት፤ ወደ እኔ ጠጋ ብላ ድምፅዋን ቀነሰች።

«እንግዲያው አስተካክዪው» አለችኝ። «አምስት ናቸው።»

ዶክተሯ ይዛው የሄደችውን ግልባጭ አሰብኩት፤ ሦስትና ከዚያ በላይ ነው የሚለው፣ ምንም የሚታረም የለበትም። ቅጹን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ፤ አራትን በአንድ መስመር ሰርዤ አምስት ብዬ ጻፍኩ፣ ከጎኑም ፈረምኩበት።